የኤሲ ቺንጋ መወጠሪያ ፑሊን ኩሽኔታ እንዴት ቀየርኩ

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ በ2ኛ ማርሽ ሲወጣ የፑሊ ኩሽኔታ (በኳሶች ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት፣ ቤሪንግ) ድምፅ ከጎማ ኩሽኔታ ጋር በቀላሉ ይምታታል። አሮጌዋን ኮሮላ አቁሜ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጌ ነዳጅ ስሰጣት ጉርምርምታው ከሞተሩ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ አለ። የጎማ ቢሆን መኪናው ቆሞ አይጮህም። ቺንጋው (ፑሊ የሚባሉትን መዘውሮች የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ላይ ጥቂት ውሃ ረጨሁ፤ ሲንሸራተት የሚጮህ ቺንጋ ውሃ ሲነካው ድምፁን ይቀይራል፣ ይሄ ግን ያው ነበር። ቺንጋውን አውልቄ ሞተሩን ሳስነሳ ጸጥ አለ። የኮምፕረሰሩን (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን) ፑሊ በእጄ ሳዞረው ለስላሳ ሆነ፤ የመወጠሪያው ፑሊ ግን ደረቅ አሸዋ እንደሚፈጭ እየተንኮሻኮሸ ረጅም ጊዜ ዞረ። ግራሶው ያለቀ ኩሽኔታ እንዲህ ነው። (በዚህች መኪና የኤሲ ቺንጋ ለብቻው ነው። የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ቺንጋ ካወለቃችሁ ሞተሩን ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆዩት።)

ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የመወጠሪያውን ፑሊ የመሃል ዳዶ በ14 ቁልፍ ማላላት፣ ከዚያ የመወጠሪያውን ረጅም ቡሎን በ12 ቁልፍ መመለስ። ዳዶው ሳይላላ ቡሎኑ ከተገደደ ጥርሱ ይበላል።

የኩሽኔታውን ክዳን በቤንዚን ጨርቅ ስጠርገው 6203 የሚል ቁጥር ወጣ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች የውስጡን ቀዳዳ ይናገራሉ፦ 00 ሲሆን 10 ሚሊ፣ 01 ሲሆን 12፣ 02 ሲሆን 15፣ 03 ሲሆን 17፤ ከ04 ጀምሮ በ5 ይባዛል። የ6203 ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ነው። 6303ም ቀዳዳው 17 ነው፤ ውጩ ግን 47፣ ውፍረቱ 14 ስለሆነ ቀዳዳውን ብቻ ለክቶ መግዛት ያሳስታል። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ስትጠይቁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን ያለውን፣ «2አርኤስ» የሚባለውን ምረጡ። «ዜድዜድ» የቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ለአቧራና ለጭቃ ክፍት ነው። ክዳኑን በካቻቪቴ ከፍቶ፣ አሮጌውን አጥቦ አዲስ ግራሶ መሙላት ድምፁን ለጊዜው ያለዝበው ይሆናል እንጂ የኳሶቹን የተቦረቦረ መንገድ አያድንም።

አሮጌውን በሞርሳ (በጠረጴዛ ማጥበቂያ) ገፍቼ አወጣሁት። ፑሊው ከስስ ብረት የተሠራ ስለሆነ ጠርዙን ሳይሆን ቀዳዳው ዙሪያን፣ ከ40 ሚሊ ትንሽ ሰፋ ባለ የቱቦ ቁራጭ ደገፍኩት። ጠርዙ ላይ ቢደገፍ ይጣመማል፣ ከዚያ ቺንጋው እየተወዛወዘ ይበላል።

አዲሱን ማስገባት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኩሽኔታው ጥብቅ ብሎ የሚገባው ፑሊው ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ ግፊቱ በውጭ ቀለበቱ ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። የውስጡ ቀለበት ከተመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መንገዳቸው ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ይተዋል። አዲስ የገባ ኩሽኔታ ወዲያው መጮህ ሲጀምር ሻጩ ይወቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመዶሻው ነው። እኔ ኩሽኔታውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩት፣ ፑሊውን ደግሞ የፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆየሁት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የ40 ሚሊ ቀዳዳን ወደ 0.03 ሚሊ ለማስፋት ይበቃል። ፑሊውን አውጥቼ በፍጥነት አደረቅኩት። ከዚያ አሮጌውን ኩሽኔታ በላዩ አድርጌ፣ ውጭ ቀለበት በውጭ ቀለበት ላይ፣ በሞርሳ ቀስ ብዬ ስጫነው እስከ መጨረሻው ገባ። ይሄ ለብረት ፑሊ ነው፤ ፕላስቲክ ከሆነ ሙሉውን መቀየር ይሻላል።

ኩሽኔታው ያለ ምንም ግፊት በእጅ ከገባ ፑሊው አልቋል ማለት ነው፤ አሮጌው ውስጡ ሲሽከረከር ቀዳዳውን አስፍቶታል። ቀዳዳውን በፑንቶ (በሹል የብረት መምቻ) ነቅሶ ማጥበብ የተለመደ ነው፣ ግን የሚይዘው በነጥቦቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይላላል። ሌላ ፑሊ ፈልጉ።

ቺንጋውን ስመልስ ረጅሙን ክፍል መሃል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጌ ስጫን 1 ሳንቲ ገደማ እስኪገባ ወጠርኩት። እንደ ክራር ክር የተወጠረ ቺንጋ ይህንንም የኮምፕረሰሩንም ኩሽኔታ ይበላል። ላቫጆ ስትገቡም ሞተሩን በግፊት ውሃ እንዳያጥቡት ንገሯቸው፤ ውሃውና ሳሙናው በክዳኑ ከንፈር ሥር ገብቶ ግራሶውን ያጥባል። ቺንጋውም አዲስ ከሆነ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ስለሚለጠጥ፣ ዳዶውን አላልታችሁ እንደገና ወጥሩት።