የወርድ ፋይሌን አቅልዬ ግራፎቹን ግን ጥርት እንዳሉ ያቆየሁበት መንገድ

በግራፍና በፎቶ የታጨቀ ሪፖርት ነበረኝ፣ ወደ 60 ሜጋ የሚጠጋ፣ በኢሜይል ለመላክ ደግሞ ከ25 ሜጋ በታች መሆን ነበረበት። ሰው ሁሉ የሚመክረው ያው «ኮምፕረስ ፒክቸርስ የምትለዋን ንካና 96 ፒፒአይ ምረጥ» ነው (ፒፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የፒክስል ብዛት ነው)። እውነት ነው ፋይሉ ቁጭ ይላል፣ ግን ግራፉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ጭጋግ የለበሱ መስለው ነው የሚወጡት። ፎቶ ትንሽ ቢደበዝዝ ማንም ልብ አይለውም፣ ግራፍ ግን ቀጭን መስመርና ትንንሽ ፊደል ስለሆነ ወዲያው ያስታውቃል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ነው የያዝኳቸው።

መጀመሪያ ክብደቱ ከየት እንደመጣ ነው ያየሁት። የአሁኑ የወርድ ፋይል ውስጡ ዚፕ ነው እኮ፣ ኮፒ አድርጋችሁ የኮፒውን ኤክስቴንሽን ወደ ዚፕ ቀይሩና ክፈቱት፣ ወርድ የሚለው ፎልደር ውስጥ ሚዲያ የሚል ሌላ ፎልደር አለ፣ ምስሎቹ በሙሉ እዛ ናቸው፣ በሳይዝ ደርድሯቸው በቃ። የኔ ላይ ቦታውን የበሉት ግራፎቹ ሳይሆኑ ከስልክ እንዳሉ የገቡት ፎቶዎች ነበሩ። ክሮፕ ያደረግነውን ክፍልም ወርድ አይጥለውም፣ ደብቆ ያስቀምጠዋል። ኢምቤዲንግስ የሚለውንም ፎልደር እዩ፣ የኤክሴል ቻርት ኢምቤድ ተደርጎ (ከነፋይሉ ተቀብሮ) ከገባ ቻርቱ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ዎርክቡኩ ሌሎቹን ሺቶች ጭምር ይዞ ነው የሚመጣው (ክብደቱስ ይሁን፣ ሰው እንዲያየው የማትፈልጉት ዳታ አብሮ ሲላክ አስቡት)። እነሱን በፔስት ስፔሻል ወደ ምስል ቀየርኳቸው።

ፎቶዎቹን መርጬ 150 ፒፒአይ አደረግኳቸው፣ «ለዚህ ምስል ብቻ» የሚለውንና የተቆረጠውን ክፍል አጥፋ የሚለውን ቲክ አድርጌ። የመጀመሪያዋን ቲክ ከረሳችሁ ግራፉንም አብሮ ይጨፈልቀዋል። ከዛ በፊት ግን ኦፕሽንስ ውስጥ አድቫንስድ ላይ ገብቼ «ምስል አትጨፍልቅ» የሚለውን አበራሁት፣ አለበለዚያ ወርድ ሴቭ ሲደረግ በራሱ ጊዜ ሪዞሉሽን ሊቀንስ ይችላል።

ግራፎቹን ከምንጫቸው እንደገና አወጣኋቸው፣ ዋናው ስራም ይሄ ነው። ገጹ ላይ 16 ሴንቲሜትር የሚሰፋ ግራፍ ወደ 6.3 ኢንች ነው፣ ለፕሪንት በሚበቃው 300 ፒፒአይ ሲባዛ 1900 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ከዛ በላይ ያለው ለተራ ፕሪንት ትርፍ ጭነት ነው። ማትፕሎትሊብ (በፓይተን ግራፍ መሳያው) ላይ ከጅምሩ በዛው ስፋት ነው የሳልኩት፣ ምክንያቱም ትልቅ ስላችሁ ወርድ ውስጥ ጥጉን ይዛችሁ ብትጎትቱት ፋይሉ አይቀንስም፣ ፊደሉ ግን ያንሳል። ሴቭ ያደረግኩት በፒኤንጂ ነው፣ ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ ፊደሉ ዙሪያ ቆሻሻ ነገር ይተዋል፣ ደግሞ ጥቂት ቀለም ብቻ ላለው ግራፍ ብዙ ጊዜ ፒኤንጂው ነው የሚያንሰው። ከዛ ፒኤንጂኳንት በሚባል ነጻ ፕሮግራም ቀለሙን ወደ 256 አወረድኩት፣ መስመሩም ፊደሉም ምንም አልሆነም ሳይዙ ግን በደንብ ወረደ። ሂትማፕ (ቁጥሩን በቀለም የሚያሳይ ግራፍ) ላይ ተጠንቀቁ ብቻ፣ ቀስ እያለ የሚቀየረው ቀለም እርከን እርከን ሊሰራ ይችላል።

«ቬክተር (ምስሉን በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የሚያስቀምጠውን) አትጠቀምም ወይ» ለምትሉ፣ የመስመርና የባር ግራፍ ከሆነ ኤስቪጂ የሚባለው የቬክተር ፎርማት አሪፍ ነው፣ አዲሶቹ ወርዶች ይቀበሉታል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ዙም ብታደርጉት አይደበዝዝም። ብዙ ሺህ ነጥብ ያለው ስካተር (ዳታውን በነጥብ የሚያሳይ ግራፍ) ከሆነ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ ስለምትጻፍ ፋይሉ ያብጣል፣ ስክሮል ሲደረግም ይንተፋተፋል፣ እሱን በፒኤንጂ ተዉት።

በዚህ ሁሉ ፋይሉ 7 ሜጋ አካባቢ ገባ። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሩ «ሚኒመም ሳይዝ» የሚለውን አትንኩ፣ ስታንዳርዱን ምረጡ፣ ከዛ 200 ፐርሰንት ዙም አድርጋችሁ የአክሲሱን ቁጥሮች አንብቧቸው።