የሚነበብበት ኮምፒውተር ሲያረጅ ልብ ወለዱ ምን ይሆናል?

የሼሊ ጃክሰን «ፓችወርክ ገርል» እ.ኤ.አ. በ1995 ለንባብ የበቃው በወረቀት ሳይሆን በዲስክ ነው፤ ያለ ኮምፒውተር ሊነበብ የማይችል ልብ ወለድ ነበር። መነሻው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 በታተመው በዚያ ድርሰት ተመራማሪው ፍራንከንስታይን ለፈጠረው ፍጡር አጋር የምትሆን ሴት መሥራት ከጀመረ በኋላ ሳይጨርስ በገዛ እጁ ያጠፋታል። ጃክሰን ያችን ሴት መልሳ ታስነሣታለች፤ ሰፍታ የምትገጣጥማትም ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ራሷ ናት። አንባቢው ከአካል ክፍሎቿ አንዱን ሲመርጥ፣ ያ እጅ ወይም ያ እግር ቀድሞ የማን እንደነበረ የሚተርክ አጭር ጽሑፍ ይከፈትለታል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሻገር የሚወስነውም እሱው ነው።

ይህን ሥራ ከፍ አድርጌ የማየው ቅርጹና ጉዳዩ አንድ ስለሆኑ ነው። ሴቲቱ ከብዙ ሰዎች አካል የተሰፋች ናት፤ ጽሑፉም ከቁርጥራጭ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱን የሚቀጥለው ደግሞ አንባቢው ነው። ስለዚህ ቃላቱን ብቻ ወረቀት ላይ አትሞ ማስቀመጥ ሥራውን ማዳን አይደለም። ቁርጥራጮቹ ይተርፋሉ፣ ስፌቱ ይጠፋል።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሥራው የተጻፈበት ስቶሪስፔስ የተባለው ሶፍትዌር የዚያን ዘመን ማክ ኮምፒውተር የሚፈልግ በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ዲስክ ዛሬ በገበያ ላይ ባሉት ማኮች አይሠራም። የ1818ቱን መጽሐፍ ግን ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ዛሬም ገልጦ ያነበዋል።

የዲጂታል ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎቹ ዲን ግሪጋርና ስቱዋርት ሞልትሮፕ ለዚህ ያቀረቡት መላ እጅግ ያስደንቀኛል። «ፓዝፋይንደርስ» በተባለው ፕሮጀክታቸው ደራሲዎችንና አንባቢዎችን በየሥራው ዘመን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡና ለምን ይህን መንገድ እንደመረጡ እንዲናገሩ በማድረግ በቪዲዮ ቀረጿቸው፤ «ፓችወርክ ገርል» ከተመረጡት አራት ሥራዎች አንዱ ነበር። እርግጥ ነው፣ ቪዲዮውን የሚያይ ሰው የሚከተለው የሌላውን ምርጫ እንጂ የራሱን አይደለም፤ በእኔ እምነት ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ቢሆንም የአንባቢው ማመንታትና ወደኋላ መመለስ በየትኛውም ፋይል ውስጥ ስለማይቀመጥ፣ ቀረጻው ሌላ ምንም ነገር የማይተካውን ይይዛል።

አዶቤ የተባለው ኩባንያ፣ ተንቀሳቃሽ ምስሎችና መስተጋብራዊ ሥራዎች በብሮውዘር ይታዩበት ለነበረው ፍላሽ ለተባለው ሶፍትዌር የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሲያቆም በብሮውዘር ይነበቡ የነበሩ በርካታ ሥራዎችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል፤ ራፍል የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የተወሰኑትን መልሶ እንዲከፈቱ አድርጓል።

እኛም ለዚህ እንግዶች አይደለንም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ በሚለዩበት ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ከተተየበበት ፎንት ጋር የተቆራኘ ስለነበር፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ይሆናል።

በአማርኛ መስተጋብራዊ ትረካ፣ ማለትም አንባቢው መንገዱን የሚመርጥበትን ትረካ፣ ለመጻፍ የሚያስቡ ወጣቶች ክሪስ ክሊማስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን ትዋይን የተባለ የመጻፊያ ሶፍትዌር ቢሞክሩ እመክራለሁ። ነፃ ነው፤ የተጠናቀቀውን ሥራ ማንኛውም ብሮውዘር በሚከፍተው አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ያስቀምጣል፤ ፊደላችንንም ያለ ልዩ ፎንት ይቀበላል። ከሁሉም በላይ ግን ሥራው ገና በሚሠራበት ጊዜ ከደራሲው ሌላ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ስክሪን ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ቢቀረጽ፣ ቀረጻውም ከፋይሉ ጋር አብሮ ቢቀመጥ እጅግ ደስ ይለኛል።