ሬዚስታንስን ስንለካ መለኪያው የሚያመጣው ስህተት

የአንድን ሬዚስተር ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን የሚቃወምበትን መጠን፣ ለማወቅ መልቲሜትሩን ወደ ኦም (የሬዚስታንስ መለኪያ አሃድ) አዙሮ ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ቢሆንም፣ እኔ ግን ቮልቴጁንና ከረንቱን ለየብቻ ለክቶ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ማካፈልን እመርጣለሁ፤ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ የሚታየው በዚህ መንገድ ነውና።

አሜትሩ (ከረንት መለኪያው) ከሬዚስተሩ ጋር በተከታታይ፣ ቮልትሜትሩ (ቮልቴጅ መለኪያው) በትይዩ ይገጠማል። አከራካሪው ነገር ቮልትሜትሩ ሬዚስተሩን ብቻ ወይስ አሜትሩንም ጭምር ይቀፍ የሚለው ነው። አሜትሩ የራሱ 1 ኦም ካለውና ሁለቱም ከታቀፉ፣ የ10 ኦሙ ሬዚስተር 11 ኦም መስሎ ይታያል። በአንጻሩ 10 ሜጋኦም ያለው ቮልትሜትር የ1 ሜጋኦም ሬዚስተርን ብቻ ሲያቅፍ፣ ከከረንቱ ከፊሉ በቮልትሜትሩ በኩል ስለሚያልፍ ውጤቱ ወደ 0.91 ሜጋኦም ይወርዳል። ስለዚህ ለትንሽ ሬዚስታንስ ቮልትሜትሩ ሬዚስተሩን ብቻ ቢያቅፍ፣ ለትልቅ ግን አሜትሩንም ጭምር ቢያቅፍ ይሻላል።

አንድ ንባብ አይበቃኝም፤ ቮልቴጁን ደረጃ በደረጃ እየጨመርሁ አምስት ወይም ስድስት ነጥቦችን በግራፍ ላይ አስቀምጣለሁ። መስመሩ ከጎበጠ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው (የአምፖል ክር ስለካ ይህን ዘንግቼ መሣሪያውን በከንቱ ወቅሼ አውቃለሁ)።

ከ1 ኦም በታች ሲሆን የማገናኛ ሽቦዎቹ ሬዚስታንስ ራሱ ውጤቱን ያዛባል፤ ያን ጊዜ ሁለት ሽቦዎች ከረንቱን እንዲያደርሱ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ከሬዚስተሩ ጫፎች ቮልቴጁን ብቻ እንዲያነቡ ይደረጋል።