ኤክስፖርት አድርጋችኋል? ፎቶዎቹስ?

ዛሬ አንዲት ጸሐፊ ብሎጓን ብሎግ ከሚያስተናግደው ከዎርድፕሬስ ዶት ኮም አውጥታ የራሷ ሆስቲንግ (ሳይት የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ ልታደርገው እንደሆነ ነገረችኝ። "ኤክስፖርቱን ጨርሻለሁ" አለች። ፎቶዎቹስ?

ኤክስፖርት ስታደርጉ፣ ማለትም ብሎጉን በፋይል ስታወጡ፣ የምታገኙት የኤክስኤምኤል ፋይል ጽሑፉን ይይዛል፤ ፎቶዎቹ ግን ውስጡ የሉም፣ ሊንካቸው ብቻ ነው ያለው። አዲሱ ሳይት ላይ ኢምፖርት ስታደርጉ፣ አባሪ ፋይሎችም ይውረዱ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ የግድ ነው፤ አሮጌው ብሎግም ሥራው እስኪያልቅ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ይህ ከታለፈ መጀመሪያ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ፎቶዎቹ ከአሮጌው አድራሻ እየመጡ ይታያሉ። አሮጌው የተዘጋ ቀን ሁሉም በአንዴ ይጠፋሉ።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ከርዕሱ በሚሠራው የጽሑፉ ሊንክ ውስጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል፣ ዎርድፕሬስ 200 ቁምፊ ላይ ይቆርጠዋል። ከ22 ፊደል በላይ አይሄድም ማለት ነው። አጭር ሊንክ በላቲን ፊደል ራሳችሁ ጻፉ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ፕለጊን (ሳይቱ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) የሚያዘምንና ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ከሰርቨሩ ውጭ የሚያስቀምጥ ሰው ከሌላችሁ እዚያው ዎርድፕሬስ ዶት ኮም ላይ ቆዩ። ዶሜኑን (የሳይቱን አድራሻ) ግን በራሳችሁ ስም ግዙ፤ ነገ ሆስቲንግ ብትቀይሩም አንባቢ በዚያው አድራሻ ያገኛችኋል።