ሻማው ከጠፋ በኋላ የወጣው ውሃ

የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሳምንት አንድ ቀን ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ሰብስቤ የሳይንስ ሙከራ ማሠራት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ዓመታት ልጆቹን ካረምኩባቸው ቀናት ይልቅ እኔ ራሴ የታረምኩባቸው ይበዛሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን የሻማውና የብርጭቆው ቀን አይረሳኝም።

ሙከራውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጎድጓዳ ሳህን ላይ ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ይፈስሳል፣ መሐሉ ላይ አጭር ሻማ ይቆማል፣ ሻማው ከተለኮሰ በኋላ ብርጭቆ ይደፋበታል። ነበልባሉ ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ይጠፋል፤ ውሃውም ወደ ብርጭቆው ሽቅብ ይወጣል። እኔም በልጅነቴ የተነገረኝን ይዤ፣ ሻማው ኦክስጅኑን ስለጨረሰው ውሃው የኦክስጅኑን ቦታ ያዘ ብዬ አስረዳሁ። ኦክስጅን ከአየር ውስጥ 21 በመቶ ያህሉን ስለሚይዝ፣ ውሃው የብርጭቆውን አንድ አምስተኛ ገደማ መሙላቱን እንደ ማስረጃ አቀረብኩ። ንግግሬን ሳልጨርስ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ውሃው የወጣው እኮ ሻማው ከጠፋ በኋላ ነው። ኦክስጅኑን ሲበላ ለምን ዝም ብሎ ቆየ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሙከራውን ስንት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ውሃው መቼ እንደሚወጣ ግን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። የማየው መልሱን እንጂ ውሃውን አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ብርጭቆ ይዘን በመጀመሪያ በአንድ ሻማ፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ከዚያም በሦስት ሻማዎች ደገምነው። የእኔ ማብራሪያ ትክክል ቢሆን ኖሮ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያው ስለሆነ ውሃው በሦስቱም ጊዜ እኩል መውጣት ነበረበት፤ በሦስት ሻማ ግን በግልጽ ከፍ ብሎ ወጣ። ብርጭቆው እንደተደፋም ከጠርዙ ሥር የአየር አረፋ ሲያመልጥ ልጆቹ ከእኔ በፊት አዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻማ ሲነድ ኦክስጅን ቢወስድም በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይሰጣል፤ ስለዚህ የጋዙ መጠን እኔ እንዳስተማርኩት አይጎድልም። ነበልባሉ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቀዋል፣ የሞቀው አየር ይስፋፋል፣ ከፊሉም ብርጭቆው ሲደፋ ሾልኮ ይወጣል። ነበልባሉ ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ የውሃ ተኑም ወደ ጠብታነት ይመለሳል፤ በውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ በውጭ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ውሃውን እየገፋ ያስገባዋል። ሻማው የሚጠፋውም ኦክስጅኑ ጨርሶ ሲያልቅ ሳይሆን ነበልባሉን ማቆየት ከሚችልበት መጠን በታች ሲወርድ ነው። የተሳሳተው ማብራሪያ እስከ ዛሬ በየቦታው ሲነገር እሰማለሁ፤ ስህተቱን ያቆየው ሙከራው ሳይሆን መልሱን ከሙከራው በፊት የመናገር ልማዳችን ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሥርዓት ይዘናል። ከማንኛውም ሙከራ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ምን ይሆናል ብሎ እንደሚገምት በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ ይጽፋል ወይም ይሥላል፤ ያየውን ደግሞ በቀኝ ገጽ ላይ ያሰፍራል። የተሳሳተ ግምት አይሰረዝም፤ በላጲስ ማጥፋትም ክልክል ነው። ይህን የመጨረሻውን ደንብ ማስከበር ከሁሉም ይከብዳል፤ ጎበዝ የሚባሉት ልጆች በተለይ መሳሳታቸው በጽሑፍ እንዲቀር አይፈልጉም። አንዱ የግምት ገጹን ሙሉ በሙሉ ቀድዶ ሲጥል ይዤዋለሁ።

ስለ እሳተ ገሞራውም ቅሬታዬን ላንሳ። ከጭቃ ተራራ ሠርቶ በአናቱ ላይ ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ ማፍሰስ ልጆችን ያስደስታል፤ አረፋው ገንፍሎ ሲወርድ ጩኸቱ ክፍሉን ያናውጠዋል። ነገር ግን እውነተኛው እሳተ ገሞራ የሚፈነዳው ከምድር ውስጥ በሚወጣ የቀለጠ አለትና በውስጡ በታመቀ ጋዝ ምክንያት በመሆኑ፣ ልጁ ስለ ተራራው የሚማረው ሐሰት ነው፤ ስለ ኮምጣጤውም ምንም አይማርም። እነዚሁን ሁለት ነገሮች በጠርሙስና በፊኛ ብንሠራባቸው ግን ብዙ ይናገራሉ። 5 በመቶ አሲድ ያለው 100 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ በጠርሙስ ውስጥ ይደረጋል፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በፊኛው ውስጥ ተጨምሮ የፊኛው አፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ ይጠለቅና ሶዳው እንዲወርድ ፊኛው ቀና ይደረጋል። ከዚያም ኮምጣጤው ሳይለወጥ፣ በአዲስ ጠርሙስ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት፣ ሁለት ተኩል እየተባለ ይደገማል፤ የየፊኛው ዙሪያ በክር ይለካል። ልጆቹ ሶዳው በጨመረ ቁጥር ፊኛው እየተለቀ እንደሚሄድ እርግጠኞች ናቸው። ሶዳው ከ7 ግራም ገደማ ሲያልፍ ግን ፊኛው ማደጉን ያቆማል፤ ትርፉም ሶዳ በጠርሙሱ ሥር ነጭ ሆኖ ይቀራል። «ሶዳው አለ፤ ታዲያ ያለቀው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከልጆቹ አፍ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ኮምጣጤው ነው ያለቀው፤ ትንሽ ጨምረን እንደገና ሲፈላ ያዩታል። ጠርሙሱን በፊኛ ፋንታ በክዳን መዝጋት ስለሚፈነዳ ፈጽሞ አይሞከርም።

ባቄላ ማብቀል ሁሉም የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሊጥም ሲል ይቋረጣል። ሌሊቱን በውሃ ያደረ ባቄላ በእርጥብ ሶፍትና በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ግድግዳ መካከል ይቀመጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥሩ ብቅ ይላል። እዚህ ላይ «በቀለ!» ብለን እንበተናለን። እኛ ግን አንዱን ጠርሙስ በመስኮት አጠገብ፣ ሌላውን በቁም ሳጥን ውስጥ እናስቀምጣለን። የክፍሉ ግምት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም። ሁለቱም ይበቅላሉ፤ ያውም በጨለማ ያለው ረዝሞ፣ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ ይገኛል። ባቄላው ስንቁን በሁለቱ ክኮች ውስጥ ይዞ የተነሣ ስለሆነ ለመብቀል ብርሃን አያስፈልገውም፤ ብርሃን ሲያጣ ግን ያለውን ስንቅ በሙሉ ብርሃን ፍለጋ በመርዘም ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ጠርሙሱን በጎኑ እናጋድመዋለን። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሥሩ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ያመራል። «ታች የት እንደሆነ በምን አወቀ?» የሚለውን ጥያቄ እንግሊዛዊው ቶማስ አንድሩ ናይት በ1806 ግሩም በሆነ መንገድ መርምሮታል፤ ዘሮችን በወራጅ ውሃ በሚሽከረከር መንኮራኩር ጠርዝ ላይ አስሮ ሲያበቅላቸው ሥሮቹ ከመሐሉ ወደ ውጭ፣ ግንዶቹ ደግሞ ወደ መሐሉ አደጉ። ዘሮቹ የመሽከርከሩን ግፊት ከመሬት ስበት አልለዩትም ማለት ነው። ዛሬ እንደምናውቀው በሥሩ ጫፍ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ከባድ የስታርች ቅንጣቶች ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ሥሩም አቅጣጫውን የሚለየው በእነርሱ ነው። ይህን ስነግራቸው አንድ ልጅ ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብሎ «እኔም ውስጤ የሆነ ነገር ተንከባለለ» ብሏል። በጆሯችን ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቁ ጥቃቅን ጠጠሮች ስላሉ ከእውነት ብዙም አልራቀም።

ውሃ ያበዙ ልጆች ባቄላቸው ይበሰብስባቸዋል። እንዲጥሉት አላደርግም፤ ዘር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም እንደሚያስፈልገው ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር ስለሌለ፣ «ሸተተ» የሚለው ቃል ከነቀኑ በቀኝ ገጽ ላይ ይሰፍራል።

ከክፍል ውጭ ስንወጣ የሚያስፈልገን 4 ሜትር ክርና አንድ አጉሊ መነጽር ነው። ክሩ በሣር ላይ የጎኑ ርዝመት 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሆኖ ይዘረጋል፤ ለሃያ ደቂቃ ከዚያ ውጭ ማየት አይፈቀድም። ስም ከመጠየቅ በፊት እግር መቁጠር የእኛ ደንብ ነው፤ ስድስት ከሆነ ነፍሳት፣ ስምንት ከሆነ የሸረሪት ወገን ይሆናል። የመቶ እግር እግሮች ግን መቶ ሆነው አይገኙም፤ የጥንዶቹ ቁጥር ሁልጊዜ ጎዶሎ ስለሆነ ሃምሳ ጥንድ ሊሞላ አይችልም። የጉንዳን ሰልፍ ካገኘን በመንገዱ ላይ ወረቀት አንጥፈን፣ ጉንዳኖቹ በወረቀቱ ላይ መመላለስ እስኪለምዱ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ወረቀቱን በእርጋታ ሩብ ዙር እናዞረዋለን። ብዙዎቹ ከወረቀቱ ጠርዝ ሲደርሱ ይደናገራሉ፤ የሚከተሉት በመሬት ላይ የተዉትን ሽታ እንጂ ከፊታቸው የሚሄደውን ጉንዳን አለመሆኑ የሚገለጠው በዚህ ነው። የተያዘ ሁሉ ወደተገኘበት ይመለሳል፤ እጅ ይታጠባል፤ በአጉሊ መነጽር ፀሐይን ማየት እንደማይፈቀድም በየጊዜው ይነገራል።

አሁን የያዝነው ሥራ ፔንዱለም ነው፤ ክር፣ ብሎንና የጠረጴዛ ጠርዝ ይበቃዋል። መወዛወዙን የሚያፈጥነው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ማለት ይቻላል «ክብደቱ» ብለው ጻፉ። በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ብሎን ሞከርነው፤ ጊዜው አልተለወጠም። አንድ ቡድን ብቻ ልዩነት አግኝቶ ነበር፤ ሄጄ ሳይ ብሎኖቹን አንዱን ከሌላው በታች አንጠልጥለዋቸው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም ለውጠዋል። አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አቆጣጠሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ልጆች ብሎኑን ሲለቁት «አንድ» ስለሚሉ አሥር ያሉት በትክክል ዘጠኝ ይሆናል። ሲለቀቅ «ዜሮ» ማለትን ከለመዱ በኋላ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም አሥር ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 10 ሰከንድ ያህል፣ 1 ሜትር የሆነው ደግሞ 20 ሰከንድ ያህል እንደሚወስድበት ለኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ 4 ሜትር ክር እናንጠለጥላለን። አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ሁሉም በግራ ገጻቸው ላይ ጽፈዋል። አሥራ አንዱ 8 ብለዋል፣ አምስቱ 4፣ ገጹን የቀደደው ልጅ ደግሞ በቀለም እስክሪብቶ 5 ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።