ጄዴና የደብረ ብርሃን ውርጭ

ዛሬ የጄዴ (ወፍራም ቅጠል ያለው የቤት ተክል ነው) ቅጠሎች ጠርዛቸው ቀልቶ አገኘኋቸው። ጄድ ፀሐይ ሲጠግብ ጠርዙ ይቀላል። ይህን ለማየት 4 ወር ፈጅቶብኛልና ትንሽ ልኩራ።

ተክሉ ሳሎን ጥግ 3 ዓመት ሲኖር ወደ መስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣ ቅጠሉ ተራርቆ፣ መጨረሻ ላይ ግንዱ ራሱን መሸከም አቅቶት በገመድ ታስሮ ነበር። መስቀል ሲያልፍ ጨከንኩና ከወገቡ ቆረጥኩት። አልኮል ስላልነበረኝ ምላጩን በእናቴ ዳግም አረቄ ጠረግኩት (እስካሁን አታውቅም)። 11 ቁራጭ ወጣው። ቁስላቸው እስኪደርቅ 1 ሳምንት ጥላ ውስጥ አስተኝቼ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተከልኳቸው። በአፈር ጉዳይ አልደራደርም፤ የኛ መረሬ ውሃ ከያዘ አይለቅም። ለመንገድ የሚደፋውን ቀይ አሽ በወንፊት ነፍቼ ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩበት። እንዲያም ሆኖ 2ቱ በሰበሱ፤ እናቴ «ጠምቶት እኮ ነው» እያለች ከኋላዬ ታጠጣ ኖሯል።

ፍዳዬን ያሳየኝ ግን ሥር ማስያዙ ሳይሆን ደጅ ማስለመዱ ነው። ሰው ሁሉ «የጠዋት ፀሐይ አስለምደው» ይላል። የምን የጠዋት ፀሐይ? ኅዳር ላይ እኛ ግቢ 1 ሰዓት ሲሆን ሣሩ በውርጭ ነጭ ነው። ምክሩ ቆላው ሸዋ ሮቢት ላለችው አክስቴ ይሠራ ይሆናል። እኔ ጠዋቱን ፈርቼ በቀትር አወጣኋቸው። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ የምታቃጥል አትመስልም፤ ግን ያለነው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ፀሐይዋ ትበረታለች። በ2 ቀን ቅጠሉ ቡናማ ጠባሳ አወጣ። ያ ጠባሳ አይድንም፣ ቅጠሉ እስኪረግፍ አብሮት ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ ውርጩ ሲሟሟ፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አወጣቸዋለሁ። መጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በየ3 ቀኑ ግማሽ ሰዓት እየጨመርኩ። ቀትር ላይ ሲቆዩ ያረጀ ነጠላ አለብሳቸዋለሁ። ነጠላ ብርሃኑን እያሳለፈ ትኩሳቱን ያበርዳል፤ ተገዝቶ ከሚመጣ የጥላ መረብ ይበልጣል ባይ ነኝ። 10 ሰዓት ላይ ወደ ቤት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ልቅሶ ቤት አምሽቼ ደጅ ረሳኋቸው። ጠዋት 3ቱ እንደተቀቀለ ጎመን ዝልፍልፍ ብለው ጠበቁኝ። አገሩ ደቡብ አፍሪካ የሆነ፣ ቅጠሉ ውሃ ብቻ የሆነ ተክል፤ ውሃው በረዶ ሲሠራ ሥጋውን ይበጣጥሰዋል። ያን ቀን ማንንም አላናገርኩም።

ሌላም ልናዘዝ። ሥር ያዘ አልያዘ እያልኩ በየሳምንቱ እየነቀልኩ አይ ነበር። እናንተ አታድርጉት፤ ፀጉር የመሰለው ሥር ይበጠሳል። እኔ ግን እጄን አሁንም አላምነውም።

ጉቶው ከቁርጡ ሥር 4 ቡቃያ አውጥቷል። ከተረፉት 6ቱ አንዱን እናቴ ለጎረቤታችን ቃል ገብታለች፤ ያውም ጠባሳ የሌለበትን መርጣ።