ዓይን ያላወጣ አረፋ

ዛሬ አርብ ነው። ከሥራ ቀደም ብዬ ስለወጣሁ ሰንበት ሳይገባ ባሕሩ ዳር ትንሽ ቆየሁ። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ ተመለስኩ። አራተኛው ጠረጴዛው ላይ እየደረቀ ነው፣ ይህን የምጽፈውም እጄ እሱ ላይ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው።

እስራኤል ውስጥ ነታንያ ከተማ ብዙ ዓመት ኖረናል፤ ባሕሩን በውሃ ቀለም ለመሳል የደፈርኩት ግን ባለፈው ዓመት ነው። እዚህ ዝናቡም ትልልቁ ማዕበልም የሚመጣው በታኅሣሥና በጥር ነው፣ አገር ቤት ሰማዩ ጥርት በሚልበት ጊዜ። እማዬ እስከ ዛሬ አልዋጥላት ብሏል። «በጥር ክረምት?» ትላለች በየዓመቱ።

መጀመሪያ ከገደሉ አናት ላይ ሆኜ ነበር የምስለው። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ቡናም ቅርብ ነው። ግን ከዚያ ላይ ሲታይ ማዕበል ቁመት የለውም፤ የታረሰ ማሳ ነው የሚመስለው፣ ትልም ከትልም ቀጥሎ። ታች ወርጄ አሸዋው ላይ ዝቅ ብዬ ስቀመጥ ጫፉ ከአድማሱ በላይ ብቅ አለ። ያኔ ነው ፊትም ሆድም እንዳለው ያየሁት። ደግነቱ በእኛ በኩል ሜዲትራኒያን ከፍና ዝቅ የሚለው ከግማሽ ሜትር ስለማይበልጥ፣ አንድ ቦታ ይዤ ብቆይ ውሃው አያባርረኝም።

እዚያ ቁጭ ብዬ ብሩሽ ሳልነካ ብዙ አየሁ። ውሃው እየሳሳ ሄዶ ጥልቀቱ ከማዕበሉ ቁመት ብዙም ሳይበልጥ ሲቀር እግሩ በአሸዋው ይያዛል፣ አናቱ ግን እየሮጠ ነው፣ ስለዚህ እንደተጠለፈ ሰው በግንባሩ ይደፋል። ከመደፋቱ በፊት ለአንድ አፍታ ከላይ በኩል ስስ ይሆንና ብርሃን ያሳልፋል። ያን ጊዜ የጠርሙስ አረንጓዴ ነው። ያቺን አረንጓዴ ፕሩሺያን ሰማያዊ ላይ ትንሽ ቢጫ ጠብ በማድረግ አገኘኋት፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

እግሩ አካባቢ ግን ቡናማ ነው። ሰማያዊ ባሕር ብቻ ለምደን ስለሆነ መሰለኝ ብዙ ጊዜ አላየሁትም ነበር። አሸዋውን እየቆፈረ ነው የሚመጣው። የዚህ ዳርቻ አሸዋ ደግሞ የመጣው በዓባይ ነው። የአስዋን ግድብ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ ግብፅ ላይ ባሕሩ ውስጥ ይጥለው ነበር፣ ከዚያ የባሕሩ ሞገድ ዳር ዳሩን እየገፋ ወደ ሰሜን፣ ወደ እኛ ያመጣዋል። ይህንን ለእማዬ ስነግራት ምንም አልገረማት። «ታዲያ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ?» አለችኝ። አሁን የአሸዋውን ቀለም ስበጠብጥ ይቺ ነገሯ ትዝ ትለኛለች።

የከበደኝ ነጩ ነው። የውሃ ቀለም ላይ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። (ነጭ ቀለም በቱቦ ይሸጣል፣ ግን ስጨምርበት አረፋው ኖራ ይመስለኛል። ግትርነት ሊሆን ይችላል።) አረፋውን አልቀባውም፤ ዙሪያውን እየቀባሁ እሱን እተወዋለሁ። እጄ ካዳለጠ አበቃ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲሉ የውሃ ቀለም ሞክረው ያውቁ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ፕሩሺያኑማ ወረቀቱን ነክሶ ነው የሚይዘው፤ በሶፍት ብትመጥጡትም ሰማያዊነቱ አይለቅም።

ከዚያ ነጩን የሚከልል ፈሳሽ ጎማ ገዛሁ። ትቀቡታላችሁ፣ ሲደርቅ ቀለሙን ከላዩ ትደፋላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ጎማውን ትልጣላችሁ፣ ከሥሩ ነጭ ይወጣል። የምወደውን ብሩሽ ገደለብኝ፣ ሳሙና ሳላስነካው ነከርኩታ። አረፋውም በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ፣ በዚህም በዚያም ጠርዙ ስለታም። እውነተኛ አረፋ በአንድ ወገን ጥርት ይልና በሌላው እንደ ጭስ ይሟሟል። አሜሪካዊው ዊንስሎው ሆመር፣ እ.ኤ.አ. በ1881 እና 82 እንግሊዝ ውስጥ ካለርኮትስ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ተቀምጦ ባሕር ሲስል የነበረው፣ የደረቀውን ቀለም በስለት እየፋቀ ነጭ ያወጣ ነበር። እኔም ምላጭ ይዤ ሞከርኩ። ወረቀቱ ተቀደደ። ርካሽ ወረቀት ነበር፣ አሁን በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ነው የምጠቀመው፣ እሱ ይችለዋል።

ባለፈው አርብ እማዬ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው እማዬ።»

ደምቢያ ነው ያደገችው፣ ለእሷ ባሕር ማለት ጣና ነው። ትንሽ ዝም ብላ አየችው።

«ይኼ ነጩስ?»

«አረፋ።»

«አረፋ እንዲህ ድፍን ነው እንዴ ልጄ? ዓይን አላወጣም እኮ።» ይህን ብላ ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ፣ ምክንያቱም ልክ ነች። ማዕበሉ ከተደፋ በኋላ ውሃው ላይ የሚቀረው አረፋ ብርድ ልብስ አይደለም፣ ዓይኑ የበዛ እንጀራ ነው። በየዓይኑ ውስጥ ውሃው ይታያል። ምጣድ ላይ ያለን እንጀራ ጎንበስ ብሎ ከጎን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከፊት ያለው ዓይን ክብ ነው፣ ወደ ወዲያኛው ጠርዝ ሲሄድ እየተጨፈለቀ መስመር ይሆናል። አረፋውም እንደዚያው። ቀጣዩ ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ዓይኖቹን ይዟቸው ወደ ላይ ይለጥጣቸዋል። አንድ ዓመት ሙሉ እየሳልኩ ይህን አላየሁም! ጥላ ያረፈበት አረፋ ደግሞ ነጭ ሳይሆን ወይን ጠጅ ያለበት ግራጫ ነው፣ እሱንም ያስተዋልኩት ዓይኖቹን ፍለጋ ሳፈጥ ነው።

ዛሬ ታዲያ ሻማ ይዤ ሄድኩ። ሻካራው ወረቀት ላይ ሻማ ሲታሽ ጎላ ጎላ ያለውን ብቻ ይይዛል፣ ቀለሙ ሰሙን ስለሚሸሽ ጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። ዓይን በዓይን። ችግሩ ነጭ ሻማ ነጭ ወረቀት ላይ አይታይም፣ የት እንዳሸሁ ሳላውቅ ነው ቀለሙን የደፋሁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሄዱት በዚህ ነው። አራተኛው ላይ ነፋሱ የባሕሩን ጨው ረጨበትና እርጥቡ ቀለም ላይ ጥቃቅን ኮከቦች ወጡ። እሱን እኔ አላሰብኩትም፣ ግን አልከፋም።

ከማእድ ቤት እየተጠራሁ ነው። «የሰንበት ሻማ ጎድሏል፣ ማነው ከፓኬቱ ያወጣው?» እያለች ነው እማዬ።